ግድግዳ አየር ያጥባል? የአንድ ነጭ ዱቄት የመቶ ዓመት ታሪክ

ነጭ ቀለም የተቀባ አሮጌ በር ወይም ግድግዳ በመዳፋችሁ ዳብሳችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ዓመት ፀሐይ ሲመታው የኖረ ከሆነ እጃችሁ ላይ ጠመኔ የመሰለ ብናኝ ይቀራል። አብዛኞቻችን «ቀለሙ አርጅቷል» ብለን፣ እጃችንን አራግፈን እናልፋለን። የቀለም ፋብሪካዎች ግን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አልቻሉም፤ ለዓመታት ራስ ምታት ሆኖባቸው ኖሯል። የሚገርመው፣ ያንኑ ራስ ምታት ሌሎች ሰዎች ኋላ ላይ ገልብጠው አዩትና «ይሄ ነገር እኮ የከተማ አየር ሊያጸዳልን ይችላል» አሉ። ግድግዳ ተለሰነ፣ መንገድ ተነጠፈ፣ የመኪና ዋሻ ተቀባ። ከዚያ ደግሞ መለኪያ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጡ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለብዙ ዘመን ጥሩ ነጭ ቀለም ማለት ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራው ነበር። ያምራል፣ ከሥሩ ያለውን በደንብ ይሸፍናል፤ ግን መርዝ ነው። የሚያመርተውንም የሚቀባውንም ሲጎዳ ኖሯል። በ1910ዎቹ አጋማሽ ኖርዌይና አሜሪካ ውስጥ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት በፋብሪካ ደረጃ መመረት ጀመረ። ታይታኒየም ከሚባል ብረት አንድ፣ ከኦክስጅን ሁለት አተሞች ተያይዘው የሚሠሩት ነገር ነው። ከእርሳሱ ቀለም ይበልጥ ነጭ፣ ይበልጥ ሸፋኝ፣ መርዝነቱም የማያሰጋ። ዛሬ የማይገባበት የለም፦ የግድግዳ ቀለም፣ ፕላስቲክ፣ ወረቀት፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ የጥርስ ሳሙና።

አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ውጭ ሲቀባ እየቆየ ይቦናል። ሰዎች ሲመረምሩት ነገሩ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ፀሐይ ዱቄቱን አላበላሸችውም። ይልቁንም ፀሐይ ያረፈበት ዱቄት ራሱ ዙሪያውን ያለውን ዘይት፣ ማለትም ቀለሙን አንድ ላይ አጣብቆ የያዘውን ነገር፣ እየበላ ይጨርሰዋል። ማጣበቂያው ሲያልቅ ዱቄቱ ይራገፋል፤ እጃችን ላይ የሚቀረውም እሱ ነው። በ1921 ካርል ሬንዝ የተባለ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚሠራ ኬሚስት፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድን ከግሊሰሪን ጋር ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጠው ነጭነቱን ትቶ እንደሚጠቁር ጻፈ። በ1938 ደግሞ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ጉዲቭ እና ኪችነር የዱቄቱን ገጽ ቀለም አስይዘው አልትራቫዮሌት ብርሃን አበሩበት። ቀለሙ ጠፋ፤ ዱቄቱ ግን እንደነበረ አለ።

ኬሚስቶች እንዲህ ያለውን ነገር ካታሊስት ይሉታል። ሁለት የተጣሉ ቤተሰቦችን አስታርቆ፣ ምሳ እንኳ ሳይበላ እንደመጣ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሽማግሌ አስቡ። ያለ እሱ ነገሩ ዓመታት ይፈጅ ነበር። እሱ ግን ከእርቁ ለራሱ የወሰደው የለም፤ ነገም ሌላ ጠብ ሊያበርድ ይሄዳል። የእኛ ዱቄት ደግሞ ለየት ያለ ሽማግሌ ነው፤ ብርሃን ካልነካው ከተቀመጠበት አይነሳም። ስለዚህ ፎቶካታሊስት ተባለ።

በዚያ ዘመን ግን ማንም «እንዴት እንጠቀምበት?» አላለም። ጥያቄው «እንዴት እናስቁመው?» ነበር። መፍትሔውም ተገኘ፤ የዱቄቱን ቅንጣቶች በስስ የሲሊካና የአሉሚና ልባስ መሸፈን። ለውጭ ግድግዳ የምንገዛው ጥሩ ቀለም ቶሎ የማይቦነው በዚህ ምክንያት ነው። ሽማግሌው ጋቢ ለብሶ ተኝቷል ማለት ነው።

ሰገነት ላይ የተደረደሩ ጠርሙሶች

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ከቀለሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ከሐሳቡ ጋር ግን ብዙ ግንኙነት ያለው ሰው አለ። ጃኮሞ ቻሚቻን ይባላል። አርመናዊ የዘር ሐረግ ያለው፣ ትሪየስቴ የተወለደ፣ ጣሊያን ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ኬሚስት ነው። የቤተ ሙከራውን ሰገነት በጠርሙስና በመስታወት ዕቃ ሞልቶ፣ ፀሐይ ውስጥ ያሉትን ኬሚካሎች ምን እንደምታደርጋቸው ለዓመታት ይከታተል ነበር። ከልማዱ ውጭ የሆነ ሰው አይቶት ቢሆን ኖሮ አረቄ የሚያበስል ይመስለው ነበር።

በ1912 ኒው ዮርክ በተደረገ ዓለም አቀፍ የኬሚስቶች ጉባኤ ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ። የሰው ልጅ የድንጋይ ከሰል እየቆፈረ፣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የተከማቸ የፀሐይ ጉልበት እያቃጠለ መሆኑን አስታወሰና፣ የዛሬዋን ፀሐይ ለምን አንጠቀምባትም ሲል ጠየቀ። በረሃማ አገሮች ውስጥ ጭስ የሌላቸው፣ የጭስ ማውጫ የማይታይባቸው የኢንዱስትሪ መንደሮች ይታዩት ነበር። በ1912 ይህን ማለት ቀላል አይደለም፤ ያኔ ከተማ ላይ የሚወጣ ጭስ የብልጽግና ምልክት ነበር። ቻሚቻን በ1922 ሞተ፤ ሐሳቡም ለጊዜው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ቶኪዮ፣ 1967

አሁን ወደ ዋናው ቦታ ደረስን። ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አኪራ ፉጂሺማ የተባለ ወጣት የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ኬኒቺ ሆንዳ በሚባል መምህር ሥር ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊት ሌሎች ሴሚኮንዳክተሮችን ውኃ ውስጥ ነክሮ ብርሃን ሲያበራባቸው ይሟሙበት ነበር። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድን ሞከረ። የዱቄቱን ሳይሆን የአንድ ወጥ ክሪስታል ቁራጭ ወስዶ ውኃ ውስጥ ነከረ፤ በሽቦ ከፕላቲነም ጋር አያያዘው፤ ጠንካራ መብራት አበራበት። አረፋ መውጣት ጀመረ። መብራቱን ሲያጠፋ አረፋው ይቆማል፣ ሲያበራ ይመለሳል። በክሪስታሉ በኩል የሚወጣው ኦክስጅን፣ በፕላቲነሙ በኩል የሚወጣው ሃይድሮጅን ነበር። ክሪስታሉ ደግሞ ምንም አልሟሟም።

ብርሃን ውኃን ከፈለው ማለት ነው። ቅጠል ያለ አንድ ማሽን ከሚሠራው ሥራ ግማሹን ድንጋይ ሠራው።

ጃፓን ውስጥ ብዙ የዘርፉ ሰዎች መጀመሪያ አላመኑትም። ጥናቱ በ1972 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1973፣ የነዳጅ ዋጋ ዓለምን አናወጠ። የእኛ ታላላቆች ያንን ጊዜ በታክሲ ሾፌሮች አድማና በየካቲቱ አብዮት ያስታውሱታል፤ ጃፓኖች ደግሞ ነዳጃቸውን በሙሉ ማለት ይቻላል ከውጭ የሚያስገቡ ናቸውና፣ ከውኃና ከፀሐይ ነዳጅ ይገኛል የሚለው ወሬ ልባቸውን ሰቀለው።

ግን እስቲ ውስጡ ምን እየተካሄደ እንደሆነ እንይ፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማልና። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ አስቡ። ታችኛው ፎቅ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ማንም መላወስ አይችልም። ላይኛው ፎቅ ባዶ ነው። ተሳፋሪዎቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ወደ ላይ ለመውጣት ክፍያ አለ፤ ረዳቱ ደግሞ ክፉ ነው፤ ክፍያውን በአንድ ድፍን ብር ካልሆነ አይቀበልም፣ ሳንቲም ማጠራቀም አይቻልም። ቀይ ብርሃን ሳንቲም ነው። አንድ ጆንያ ሙሉ ብታመጡም ማንም አይወጣም። አልትራቫዮሌት ግን ድፍን ብር ነው። አንዱ ሲመታ አንድ ኤሌክትሮን ላይ ይወጣል፣ ታች ደግሞ ባዶ ወንበር ይቀራል።

ጉዱ ያለው ባዶው ወንበር ላይ ነው። ያ ወንበር ሳይሞላ ማደር አይወድም፤ ከአጠገቡ ካለ ከማንኛውም ነገር ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ገጹ ላይ ከተለጠፈ የውኃ ሞለኪውል ሲነጥቅ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል እጅግ ቁጡ ነገር ይፈጠራል። ላይ የወጣው ኤሌክትሮንም ከአየር ኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ሌላ ቁጡ ነገር ይሠራል። እነዚህ ናቸው ዘይቱን፣ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ባክቴሪያውን የሚያቃጥሉት፤ ያለ እሳት። ብዙ ጊዜ ግን ላይ የወጣው ኤሌክትሮን ምንም ሳይሠራ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይወድቃል፣ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ችግሩንም ሳታዩት አልቀራችሁም። መሬት ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት ውስጥ አልትራቫዮሌቱ ከ5 በመቶ ያንሳል። ቀሪው ሁሉ ሳንቲም ነው። በዚህ የተነሳ የሚገኘው ሃይድሮጅን ጥቂት ሆነና፣ በ1980ዎቹ የነዳጁ ተስፋ ቀዘቀዘ።

ብዙ ከመሥራት ጥቂት ማጥፋት

በመካከሉ አቅጣጫ የቀየሩ ሰዎች ነበሩ። በ1977 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍራንክ እና ባርድ ዱቄቱን ውኃ ውስጥ በትነው ብርሃን ሲያበሩበት፣ ሳያናይድ የተባለው አደገኛ መርዝ እንደሚፈርስ አሳዩ። ነዳጅ መሥራት ቀርቶ ቆሻሻ ማጥፋት።

ይህን ሐሳብ ሕይወት የዘራበት ግን ካዙሂቶ ሃሺሞቶ ነው፤ በ1990 አካባቢ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ከፉጂሺማ ጋር የሠራ ሰው። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ቀላል ስለሆነም ይመስለኛል ብዙ ሰው ያለፈው። ነዳጅ ለማምረት ብዙ ብርሃን ይጠይቃል። መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ በአንድ ቀን የሚያርፈውን ስስ ቆሻሻና ሽታ ለማጥፋት ግን የቤት መብራት የሚለቃት ጥቂት አልትራቫዮሌት ትበቃለች። የመጸዳጃ ዕቃ አምራቹ ቶቶ ኩባንያ አብሯቸው ገባ፤ ባክቴሪያ የሚገድል የግድግዳ ሸክላ ገበያ ላይ ዋለ። የአውራ ጎዳና ዋሻዎች መብራትም ሌላው ነው። የመብራቶቹ መስታወት በመኪና ጭስ እየጠቆረ፣ ሠራተኛ መሰላል ይዞ እየወጣ ይወለውለው ነበር። መስታወቱ በዱቄቱ ስስ ንጣፍ ሲለበስ፣ ከራሱ ከመብራቱ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል። በ1997 ደግሞ ሌላ ጠባይ ይፋ ሆነ፤ ብርሃን ያገኘ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ገጽ ላይ ውኃ ጠብታ ሠርቶ አይቆምም፣ ተዘርግቶ ይፈሳል፣ ከሥሩ ገብቶም ቆሻሻውን ይዞት ይወርዳል። ዝናብ ራሱ አጣቢ ሆነ።

ጠፈር ላይም ሄዷል። ናሳ የሚደግፈው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዕከል በ1990ዎቹ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ተክል ለማብቀል ሲሞክር ኢቲሊን የተባለ ጋዝ አስቸገረው። ኢቲሊን ፍሬ የሚያበስል፣ ቅጠል የሚያረግፍ ጋዝ ነው። ኢቲሊንን በስም ባናውቀውም በሥራው እናውቀዋለን፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጥሬ ሙዝ በተዘጋ ክፍል አስገብተው በነዳጅ ምድጃ ጭስ የሚያበስሉ ነጋዴዎች የሚጠቀሙት ጭሱ ውስጥ ያለውን ኢቲሊን ነው። ጠፈር ላይ ግን ጋዙ የሚወጣበት መስኮት የለም። መፍትሔው በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተለበሰ ገጽ፣ የአልትራቫዮሌት መብራትና አየሩን የሚገፋ ማራገቢያ ሆነ። ማራገቢያውን ልብ በሉልኝ፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

ነጭ ሸራዎች ሮም ላይ

ሮም ከተማ ዳር፣ ቶር ትሬ ቴስቴ በተባለ ሰፈር፣ አሜሪካዊው አርክቴክት ሪቻርድ ማየር የነደፈው ቤተ ክርስቲያን አለ። በ2003 ተመረቀ። የመርከብ ሸራ የመሰሉ ሦስት ግዙፍ ነጭ ግድግዳዎች አሉት። አርክቴክቱ ነጭነቱ እንዳይጠፋ ፈለገ፤ የመኪና ጭስ ባለበት ከተማ ግን ነጭ ኮንክሪት ብዙ አይቆይም። ኢታልቼሜንቲ የተባለው የጣሊያን ሲሚንቶ ኩባንያ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ነጭ ሲሚንቶ አቀረበ። የፈለጉት ነጭነትን ብቻ ነበር። ኩባንያው ሲመረምር ግን ገጹ ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ከአየር ላይ ናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም እንደሚያጠፋ አየ።

ናይትሮጅን ኦክሳይዶች ከመኪና ማውጫ የሚወጡ ጋዞች ናቸው። ሳንባ ይጎዳሉ፣ አስም ያባብሳሉ፣ ፀሐይ ሲያገኙም ኦዞን ይወልዳሉ። ፎቶካታሊስቱ ገጽ ላይ ሲያርፉ ወደ ናይትሬት ይለወጣሉ፤ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ዓይነት ማለት ነው፤ ዝናብ ያጥበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የቤት ውስጥና የውጭ አየር ብክለት በድምሩ በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ሰው ያለ ጊዜው ይገድላል። ታዲያ ቆሞ አየር የሚያጥብ ግድግዳ ያለው ከንቲባ መኪና መቀነስ ለምን ያስጨንቀዋል?

ወሬው ተዛመተ። ሚላን አጠገብ ሴግራቴ ላይ አንድ መንገድ በዚህ ሲሚንቶ ተለብሶ ወደ 60 በመቶ ቅነሳ ታየ ተባለ። ፈረንሳይ ውስጥ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሰው ሠራሽ ጠባብ መንገድ ተሠርቶ ከዚያም የበለጠ ቁጥር ተነገረ። ማኒላ ውስጥ ትልልቅ ሥዕሎች በዚህ ቀለም ተሣሉ። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የማር እንጀራ የመሰለ ነጭ መጋረጃ ግድግዳ ለበሰ፤ በቀን የ1,000 መኪኖችን ብክለት ያካክሳል ተባለለት።

ከዚያ ብራስልስ። ያኔ ሊዮፖልድ ሁለተኛ ይባል የነበረው የመኪና ዋሻ ለዚህ ፈተና ምቹ ይመስላል፦ አየሩ የተዘጋ፣ መኪናው ብዙ፣ ግድግዳው ቅርብ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የበርካታ አገር ተመራማሪዎች ተሰባስበው የዋሻውን ክፍል በፎቶካታሊስት ለበሱት፣ አልትራቫዮሌት መብራት ገጠሙለት፣ ከመለበሱ በፊትና በኋላ ለኩ። ውጤቱ? ቅነሳው ካለ ከ2 በመቶ አይበልጥም። ኔዘርላንድ ውስጥም ከአውራ ጎዳና አጠገብ ያሉ የድምፅ መከላከያ ግድግዳዎች ተቀብተው ተለክተው፣ የሚታይ ለውጥ አልተገኘም። በ2016 የእንግሊዝን መንግሥት የሚያማክረው የአየር ጥራት ባለሙያዎች ቡድን የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ መርምሮ፣ ይህ ዘዴ የከተማን ናይትሮጅን ኦክሳይድ በሚገባ ስለመቀነሱ የሚያሳምን ማስረጃ የለም አለ።

አምስት ሚሊ ሜትር

እኔ ኩባንያዎቹ ዋሽተዋል አልልም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያዩት እውነት ነው። ይልቅ ፈተናው ራሱ እንዴት እንደሆነ እንይ። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2007 ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የምታህል የተለበሰች ናሙና ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ ትቀመጣለች። ከላይዋ መስታወት አለ። በናሙናውና በመስታወቱ መካከል ያለው ክፍተት 5 ሚሊ ሜትር ነው። የተበከለው አየር በዚያች ቀዳዳ ቀስ ብሎ ያልፋል። እንግዲህ የትኛውም ሞለኪውል ቢሆን ከገጹ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ መራቅ አይችልም፤ መላተም ግድ ነው።

መንገዱስ? ከግድግዳ ግድግዳ 20 ሜትር፣ ከላይ ክፍት ሰማይ። ከሚኒባሱ የወጣው ጋዝ በነፋስ ተወስዶ ሰፈሩን ለቆ ሲሄድ፣ አብዛኛው ግድግዳውን ሳይነካ ያልፋል። ሽማግሌው ምን ቢዋጣለት፣ ባለጉዳዮቹ ደጁ ካልመጡ ማንን ያስታርቃል? የፈረንሳዩ ሰው ሠራሽ መንገድ ከእውነተኛ ከተማ ጎዳና ያነሰና የጠበበ ነበር፤ ቁጥሩ የተለየው ያለ ምክንያት አይደለም። ብራስልስ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ፤ መብራቱ ከታሰበው ደከመ፣ አየሩ እርጥብ ነበር፣ ገጹም ከዋሻው ቆሻሻ ብዛት የተነሳ ደነዘዘ።

ሌላም አለ። ማቃጠሉ ግማሽ መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። ከቀለምና ከሙጫ የሚተንኑ ጋዞች ሙሉ በሙሉ ካልተቃጠሉ ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ ይወልዳሉ፤ ቀለሙን የያዘው ማጣበቂያ ራሱ ሲበላም እንዲሁ። አንዳንድ ገጾች ናይትሮጅን ኦክሳይዱን ወደ ናይትረስ አሲድ ለውጠው መልሰው አየር ላይ ይለቁታል። የ1920ዎቹ ቀለም ቀቢዎች ያማረሩበት ጠባይ ዛሬም አልለቀቀም፦ ይህ ዱቄት ያገኘውን ይበላል፣ የታዘዘውን ብቻ አይደለም።

ማራገቢያውን አስታወሳችሁት? የጠፈሩ ሣጥን የሠራው ጋዙ ወደ ገጹ እስኪመጣ ስላልጠበቀ ነው፤ እየገፋ አመጣው። ከዚያ የተወለዱ መሣሪያዎች ዛሬ ፍራፍሬና አበባ በሚቀመጥባቸው ማቀዝቀዣ ክፍሎች ውስጥ ይሠራሉ፤ መብራቱም ማራገቢያውም ግን ኤሌክትሪክ ይበላሉ፣ ለአንድ ክፍል እንጂ ለአንድ ከተማ አይሆኑም። ረዳቱ ሳንቲም እንዲቀበል ለማድረግም ጥረቱ አልቆመም። በ2001 የጃፓኑ የቶዮታ ምርምር ማዕከል ሰዎች ከኦክስጅኖቹ ጥቂቱን በናይትሮጅን ተክተው፣ ዱቄቱ በዓይን በሚታይ ብርሃንም እንዲነሳ አደረጉት። ዱቄቱ በዚህ ጊዜ ነጭ አልነበረም፤ ወደ ቢጫ ያደላል።